ፎቁ ላይ ሚሠራው ሰው ምሳውን የት ይበላል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መሃል ከተማው አዳዲስ ሕንጻዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ልጄ አምጥታልኝ ሁለቴ አነበብኩት። ስንት ፎቅ እንደሚሆን፣ ቤዝመንቱ ስንት መኪና እንደሚይዝ፣ የብስክሌቱ መንገድ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ሁሉም አለበት። እኔ ስፈልገው የነበረው ነገር ግን የለም። እዛ ፎቅ ላይ ሚሠራው ሰው፣ ማለቴ ወለል ምታጸዳው ልጅ፣ በር ላይ ሚቆመው ጥበቃ፣ ፎቶ ኮፒ ምታነሳው፣ ተላላኪው፣ ሊፍት ሚጠግነው፣ ምሳውን የት ነው ሚበላው?

ጥያቄው ለጋዜጣ ሚበቃ አይመስል ይሆናል፣ እኔ ግን 17 ዓመት ስሠራው የኖርኩት ይሄንኑ ስለሆነ ሌላ ነገር አይታየኝም። ካዛንቺስ፣ ከመናኸሪያው ወደ ኡራኤል ሲወረድ ውስጥ ለውስጥ በሚያስገባው መንገድ፣ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ ምሳ ቤት ነበረኝ። ታፔላ አልነበረውም፣ ሰዉ “እትዬ ጋ” ነው ሚለው፣ አዲስ ሰው ሲመጣም “እትዬ ጋ የት ነው” ብሎ ጠይቆ ነው ሚደርሰው። ከቀበሌ ቤታችን ሁለት ክፍል የፊተኛዋ ናት፣ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ አምስት አግዳሚ ወንበር ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ጠረጴዛ። በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በአትክልት፣ በፍስክ ደሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቅል እጨምር ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ነው ምጥደው፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ተሰልፈው ይቆማሉ፣ 8 ሰዓት ላይ ድስቱ ባዶ ነው። በቀን 60 ሰው አንዳንዴ ከዛም በላይ አበላ ነበር፣ አግዳሚው ስለማይበቃ ሌሎቹ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አርገው ይበላሉ።

ከነዚህ ውስጥ 25ቱ የኮንትራት ናቸው። ኮንትራት ማለት ለማያውቀው ሰው ልንገር፣ በወሩ መጀመሪያ ወይም ደመወዝ እንደወጣ ሒሳቡን ይከፍሉና ወሩን ሙሉ ይበላሉ፣ ወይ ደሞ ይበሉና ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላሉ፣ እንደ ሰዉ ነው። ደብተር አለኝ፣ ስም የለበትም ሥራቸው ነው ያለው፣ “ጥበቃው ረጅሙ”፣ “ባንክ ቤት ጽዳት”፣ “ፕሪንተር ልጅ”፣ “ሁለቱ ቀለም ቀቢዎች” እያልኩ ነው ምጽፈው። እነሱም በዛ ስም ያውቁታል፣ “እትዬ ረጅሙ ላይ አንድ ጨምሪ” ይሉኛል።

አሁን ሒሳቡን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ረጅሙ ጥበቃ በወር 3500 ብር ነበር ሚከፈለው፣ ራሱ የነገረኝ ነው። ለኔ የኮንትራት ምሳ በወር 1500 ይከፍላል፣ ለ26 ቀን ሲካፈል ለአንድ ምሳ 58 ብር አይሞላም። የቀረው 2000 ብር ነው፣ በሱ ደሞ ከሦስት ልጅ ጋር ተዳብሎ ይኖራል፣ ለናቱም ይልካል። ያ ሰውዬ አሁን በአዲሱ ሕንጻ ስር ባለው ሬስቶራንት ይብላ ቢባል፣ እኔ ገብቼ ሜኑውን አይቻለሁ፣ ትንሹ ምግብ 250 ብር ነው፣ በ26 ቀን 6500 ብር ይመጣል። ደመወዙ በሙሉ ለምሳ ቢውል እንኳ ግማሽ ወር ላይ ያልቃል ማለት ነው። ይሄን ሰው በ3500 ብር በር ላይ ማቆም የቻለው ድርጅት የቻለው በኔ ሽሮ ነው፣ ሌላ ምንም ምስጢር የለውም።

እኔስ በ58 ብር እንዴት ቻልኩ? ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ጤፍ እኔም እንደ ሰው ነው ምገዛው፣ ዘይትም ሽንኩርትም እንደዛው። የቻልኩት ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ነው። እናቴ ናት ያገኘችው በደርግ ጊዜ፣ በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ነበር የተሰጡት፣ የኛም እዛ ውስጥ ነበረች። ኪራዩ ከ50 ብር በታች ሆኖ ነው እኔ ጋ የደረሰው። የጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግን የቤት ኪራይ ሚባል ነገር የሽሮዬ ዋጋ ውስጥ አልነበረም። ስለዚ የዛ የጭቃ ቤት ርካሽነት ወደ ሽሮው ገባ፣ የሽሮው ርካሽነት ደሞ ወደ ጥበቃው ደመወዝ ገባ፣ እዛ መስታወት በመስታወት የሆነው ቢሮ ውስጥ ያለው ሰውዬ በማያውቀው መንገድ የናቴ ቀበሌ ቤት ወጪውን ትሸፍንለት ነበር። ፕላን ሚያወጡት ሰዎች ካዛንቺስን ሲያዩ ያረጀ ቤት ነው ያዩት፣ ማርጀቱ ልክ ነው፣ ግን ውስጡ ሚሠራውን ሥራ አልቆጠሩትም።

ደሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። በኛ መንገድ ብቻ ጫማ ሰፊ ነበር፣ የሱሪ እግር ሚያሳጥር ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሁለት ጸጉር ቤት፣ ጀበና ቡና ምትሸጥ እናት፣ እንጀራ ጋግራ ለምሳ ቤቶቹ ምታከፋፍል፣ ስልክ ሚጠግን፣ የቤት ዕቃ ሚበይድ ልጅ። ሁሉም የሰው ቤት ፊት ለፊት ወይ በረንዳ ላይ ነው፣ ሁሉም ቢሮ ሠራተኛው በምሳ ሰዓት እግረ መንገዱን ሚጨርሰው ጉዳይ ነው። ጫማው ቢላቀቅ 5 ደቂቃ፣ ዚፑ ቢበጠስ 10 ደቂቃ። አሁን ያ ሁሉ ለዚፕ መርካቶ ሊሄድ ነው።

ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ካዛንቺስ ሚለው ስም ራሱ የሠራተኛ ቤት ከማለት ነው የመጣው። ጣልያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች ነበሩ፣ የድርጅቱ ስም በጣልያንኛ ሲያጥር ኢንቺስ ነው፣ ካዛ ኢንቺስ፣ ቤት ማለት ነው ካዛ፣ እኛ ካዛንቺስ አልነው። ከዛ በኋላ ኢሲኤ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ማለት ነው፣ መጣ፣ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተመረቀ፣ በ1955 ግንቦት ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዛ ተመሠረተ፣ ሆቴሎቹም አንድ በአንድ መጡ። እናቴ ትነግረኝ እንደነበረው ትልቅ ሕንጻ አንድ በተሠራ ቁጥር ከጀርባው ሦስት አራት ምሳ ቤት ይከፈታል፣ ፎቁና ጎጆው አብረው ነው ያደጉት። ያ አዳራሽ ደሞ አሁን ታድሶ ጥቅምት 2017 እንደገና ተከፈተ፣ በቴሌቪዥን አየሁት፣ ያማረ ነው፣ የድሮው ባለቀለም መስታወቱም ታድሶ በክብር ተይዟል፣ አሮጌ ነገር ሳይፈርስም ሊያምር እንደሚችል ያየሁት ያኔ ነው። በዛው ሰሞን ነው የኛ ሰፈር መፍረስ የጀመረው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፣ ካልተናገርኩ ደብዳቤዬ ቅሬታ ብቻ ይሆንብኛል። ቤታችን ጥሩ ቤት አልነበረም። ሽንት ቤቱ ለስምንት አባወራ አንድ ነበር፣ ክረምት ላይ ውሃው ከበላይ ሰፈር ወርዶ እኛ ደጅ ነው ሚተኛው፣ ሌሊት ጣራው ሲያፈስ ባልዲ እየቀያየርኩ ያደርኩበት ቀን ብዙ ነው። እናቴ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ አምቡላንስ መግባት አቅቶት በወንበር ተሸክመን ነው እስከ አስፋልት ያወጣናት። የተሰጠን ምትክ ቤት ከተማው ዳር ገላን ጉራ ነው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ንጹሕ ነው፣ ልጄ የራሷ ክፍል አላት፣ የመጀመሪያ ቀን ሻወር ገብታ ስትወጣ ፊቷን ያየሁትን አልረሳውም። በኮሪደር ልማቱ የተሠራውንም የእግረኛ መንገድ ሄጄበታለሁ፣ ሰፊ ነው፣ ማታ መብራት አለው፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ሳትፈራ ትሄድበታለች፣ ድሮ በዛ ሰዓት በዛ መንገድ ማለፍ ሚታሰብ አልነበረም። ስለዚ ለምን ፈረሰ እያልኩ አይደለም። ልማቱን ሚጠላ ሰው አርጋችሁ እንዳታዩኝ።

እኔ ምለው ቤት ተሰጠኝ፣ ሥራዬ ግን አልተሰጠኝም ነው። እነዚህ ሁለቱ እኛ ጋ አንድ ነገር ነበሩ። ሊመዘግቡ የመጡት ልጆች ትሁት ነበሩ፣ ፎርም ይዘው “ስንት ቤተሰብ ናችሁ፣ ስንት ክፍል ነው” ብለው ጠየቁ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ምሳ ቤቱንም ነገርኳቸው፣ አንደኛው ልጅ ፎርሙን አገላብጦ “እትዬ ለሱ ሚሆን ቦታ የለውም” አለኝ። ፎርሙ ላይ ሚጻፍበት ሳጥን የለውም ማለቱ ነው። ንግድ ፈቃድ አለኝ አልኩት፣ ግብር ከፋይ ነኝ፣ የደረጃ ሐ ደረሰኞቼ ሁሉ አሉ፣ አምጥቼ አሳየሁት። አዝኖ አየኝና “ከታች ሪማርክ ላይ እጽፍልሻለሁ” አለ፣ ጻፈም። ያ ሪማርክ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁትም፣ አንድ ቢሮ ሄጄ ወደ ሌላ ቢሮ ተላክሁ፣ ከዛ ወደ ሌላ፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ቢሮ ተመለስኩ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ፣ ልጄ ናት አውጥታ ያነበበችልኝ፣ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ብቻ ሳይሆን ኑሮው የተነካበት ሰውም ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት አለው ይላል። ኑሮ ነው ሚለው። ኑሮ ማለት ቤት ብቻ ነው እንዴ? በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቂያ አዋጅም፣ በኋላ ቢሻሻልም፣ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ሁሉ ቆጥሮ ነበር የመጣው፣ ማለት ሕግ አውጪው ሰው ከቦታ ሲነሳ ከግድግዳው ሌላም ሚያጣው ነገር እንዳለ ገብቶታል። እኛ ግን የቀበሌ ቤት ተከራዮች ነን፣ የቤቱ ባለቤት አይደለንም፣ ስለዚ ምትክ ቤት ካገኘን ሁሉም እንደተዘጋ ተደርጎ ነው ሚታየው።

ከገላን ካዛንቺስ ለመምጣት መጀመሪያ ቃሊቲ፣ ከዛ በታክሲ ወይ በባቡር እስከ ስታዲየም ወይ መስቀል አደባባይ፣ ከዛ ሌላ ታክሲ። ሰልፉ ከበዛ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ደርሶ መልስ 100 ብር አካባቢ ይወጣል። ለኔ ብቻ አይደለም፣ ከሰፈራችን የተነሱት ጽዳቶችና ጥበቃዎችም እንደዛው ነው ሚመላለሱት። ድሮ በእግራቸው 10 ደቂቃ ሄደው ሚደርሱበት ሥራ ላይ አሁን የደመወዛቸው ትልቁ ክፍል መንገድ ላይ ያልቃል። ሁለቱ ትተውታል። እኔ ጋ ትሠራ የነበረችው ልጅ፣ ወጥ በሷ እጅ የጣፈጠ ነበር፣ አሁን አረብ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ ጀምራለች፣ “እትዬ እዚህ ምን እሠራለሁ” አለችኝ፣ ምን ብዬ ላስቀራት።

ገላን ለምን ምሳ ቤት አትከፍቺም ሚሉኝ አሉ። ሞክሬያለሁ። ጠዋት ሁሉም ሰው ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ቀን ላይ ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሕጻናትና ሽማግሌዎች ናቸው፣ ምሳቸውን ቤታቸው ነው ሚበሉት። ምሳ ቤት ሚኖረው ሥራ ባለበት ነው፣ ሥራው ደሞ ካዛንቺስ ነው ያለው። ሦስት ሳምንት ከፍቼ ሽሮዬን ለጎረቤት እያከፋፈልኩ ዘጋሁት።

ከዛ መሃል ከተማ ክፍል ፈለግኩ። ደላላ ይዤ አንድ ሳምንት ዞርኩ። አዲሶቹ ሕንጻዎች ግራውንዱ ላይ ኪራይ ሚባለው በካሬ ነው፣ የኔዋ 12 ካሬ ናት፣ ለዛች የተጠየቅኩት የወር ኪራይ ጥሩ ሽያጭ በነበረኝ ወር ካስገባሁት ጠቅላላ ገንዘብ ይበልጣል፣ ትርፍ አላልኩም፣ ጠቅላላ ሽያጭ ነው ያልኩት፣ ከዛ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ። አንደኛው ሕንጻ ላይ ደሞ ሥራ አስኪያጁ በትህትና “ሽታ ስላለው ወጥ አንፈቅድም፣ ኬክና ማኪያቶ ከሆነ ይቻላል” አለኝ። ጥበቃው በራፍ ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር፣ የኔ የድሮ ተመጋቢ አይደለም፣ ግን ስወጣ ተከትሎኝ መጥቶ “እናቴ የት ልትከፍቺ ነው፣ ንገሪኝ እመጣለሁ” አለኝ። ምሳውን በፌስታል ዳቦና ሙዝ ይዞ እንደሚመጣ ነው የነገረኝ። 12 ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሚውል ሰው ነው።

አንዳንድ ሰው፣ የተማሩም ሰዎች፣ “እንደዚህ ዓይነት ምሳ ቤት ለከተማው ገጽታ አይመጥንም፣ ንጽሕናም የለውም” ይላሉ። እኔ ሳህን በባልዲ ነበር ማጥበው፣ እውነት ነው፣ ቧንቧ ስላልነበረ ነው። ቧንቧ ያለበት ክፍል ስጡኝና ሳህኔን እዩት። የጤና ምርመራ ካርዴ በየጊዜው የታደሰ ነው፣ 17 ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በምግቤ ታሞ አያውቅም፣ ጸጉሬን ሸፍኜ ሽርጥ ታጥቄ ነው ማበስለው። ንጽሕና ማጣት ከድሃ ጋር የተወለደ አይደለም፣ ውሃና ፍሳሽ የማጣት ጉዳይ ነው። አዲሱ ሕንጻ ደሞ ውሃውም ፍሳሹም አለው።

ስለዚ ምጠይቀው ምንድነው? ኮንዶሚኒየም በ1997 ከተጀመረ ጀምሮ እንደምናውቀው ግራውንድ ላይ ያሉት ሱቆች በጨረታ ነው ሚሸጡት፣ ብዙ የሰጠ ይወስዳል። ስለዚ ፋርማሲ ይሆናል፣ ቡቲክ ይሆናል፣ ባንክ ይሆናል፣ ምሳ ቤት ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም በ58 ብር ምሳ ምትሸጥ ሴት ጨረታ አታሸንፍም። መንግሥት በሚያሠራቸው ሕንጻዎች ላይ ከሱቆቹ ጥቂቶቹ ከጨረታው ይውጡና ከዛው ሰፈር ለተነሱ፣ ንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ ማሳየት ለሚችሉ ሰዎች በኪራይ ይሰጡ። በነጻ አላልኩም። መክፈል ምችለውን ያህል ልክፈል፣ በምላሹ የምሳ ዋጋዬን ተመን አውጡልኝ፣ ከዚህ በላይ እንዳትሸጪ በሉኝ፣ እፈርማለሁ።

የግል ባለሀብት ለሚሠራው ፎቅ ደሞ ግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ፓርኪንግ ግድ ነው አይደል? መኪና ሚቆምበት ካልሠራህ አትሠራም ይባላል። መኪና ሚቆምበትን ሚጠይቅ ሕግ፣ ሰው ሚበላበትን መጠየቅ ለምን ያቅተዋል? ቤዝመንት ላይ ይሁን፣ በጀርባ በኩል ይሁን፣ መተንፈሻ ያለው አንድ ክፍል፣ የሕንጻው ሠራተኛ ሁሉ ሚበላበት። ከፊት ለፊት ካላማረ ከጀርባ ይሁን፣ እኛ ድሮም ከጀርባ ነበርን።

ሌላው ደሞ ታጥሮ ሚቆየው ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሮ ዓመታት የቆየ ቦታ ያላየ ሰው የለም፣ ሳር በቅሎበት፣ ግንባታው ዛሬ ነገ ሲባል። እስኪጀመር ድረስ አንዱን ጥግ ለሼድ ስጡን። ሲጀመር እንነሳለን፣ ያውም ያኔ ነው ምንፈለገው፣ አንድ ትልቅ ሳይት ላይ ስንት መቶ የቀን ሠራተኛ እንዳለ አስቡት፣ ፎርማኑ፣ ግንበኛው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ ሲሚንቶ ምትሸከመው ልጅ። አጥሩን ተከትለው ከሰል ላይ ሽሮ ሚሠሩ ሴቶች አቧራ ውስጥ ቁጭ ብለው ነው ሚያበሏቸው። ያን ሕንጻ ሚያቆመው ያ ምግብ ነው፣ ውሃና ጥላ ይገባዋል።

እኔም አሁን ከነሱ አንዷ ነኝ። ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን ገላን ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቼ አበስላለሁ፣ በሁለት ትልቅ ድስት አርጌ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንጀራውን በዘንቢል፣ ከልጄ ጋር ይዘን እንመጣለን። የታክሲው ረዳት የድስቱን እንደ አንድ ሰው ያስከፍለኛል፣ ይሁን። ካዛንቺስ ስደርስ ደብተሩ ላይ ካሉት 25 ሰዎች 14ቱን አግኝቻለሁ፣ የቀሩት አብዛኞቹ የት እንደተበተኑ አላውቅም። ሁለቱ ቀለም ቀቢዎች ዕዳቸውን በቴሌብር ልከውልኛል፣ አንዱ ከአዳማ ነው የላከው፣ እዛ ሥራ አግኝቶ። 840 ብር ነበር የቀረበት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቆሜ ስሸጥ ደንብ አስከባሪዎች ይመጣሉ፣ መምጣታቸው ሥራቸው ነው፣ መንገዱ ላይ መሸጥ እንደማይቻል እኔም አውቃለሁ፣ ያን ቆንጆ መንገድ በድስት መዝጋት እኔም አልፈልግም። ባለፈው አንዱ ወጣት ድስቱን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አየኝና ቀና አለ፣ የድሮ ተመጋቢዬ ነው፣ ሥራ ሳይዝ በፊት ሁለት ወር በዱቤ አብልቼዋለሁ፣ ከፍሎኛልም። ምንም አላለም፣ ድስቱን ራሱ ተሸክሞ እስከ ታክሲ ተራ አደረሰልኝ፣ “እትዬ ነገ እዚህ እንዳላገኝሽ” አለኝ ዓይኑን ሰብሮ። እኔም አፈርኩ፣ እሱም አፈረ። ሁለታችንም ያጠፋነው ነገር ግን አልነበረም።

ቤታችን የነበረበትን ቦታ አይቸዋለሁ። ተስተካክሎ ተደልድሏል፣ የኛ ደጅ የቱ ጋ እንደነበረ ለማወቅ ተቸግሬ ነበር፣ አሁንም ያለችውን አንዲት ዛፍ ይዤ እርምጃዬን ቆጥሬ ነው ያገኘሁት። 

አዘጋጁን ምለምነው ይሄን ደብዳቤ ማሳጠር ካለባችሁ አሳጥሩት፣ የምሳውን ሒሳብ ግን አትቁረጡብኝ። ደሞ እንዲህ ዓይነቱን ጉዳይ ሚመልስ ሰው ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ይመልስልኝ። ንግድ ፈቃዴ አልተመለሰም፣ እጄ ላይ ነው፣ ዘንድሮ ላሳድሰው ስሄድ ምሠራበትን የቤት ቁጥር አምጪ አሉኝ። የድሮው ቁጥር የለም። የገላኑን ልስጥ ወይስ ልጠብቅ?

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የካዛንቺስ ነዋሪ፣ ባለ ምሳ ቤት